ውሃ የገባለት ቤት

ተሰማን መጀመሪያ ያየሁት ካፖርት ለብሶ ነው። ጋምቤላ ውስጥ፣ ውሻ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ በሩጫ በሚሻገርበት ቀትር ላይ። ከሱቄ ፊት ለፊት ከመኪና ወረደና ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ ክልሉ በየት በኩል ነው ብሎ ጠየቀኝ። የቆምክበት እኮ ነው አልኩት። ለካ የሚፈልገው ቢሮውን ኖሯል።

አይፈረድበትም። ያን ጊዜ ክልል ከሆንን ገና ብዙ አልቆየንም። ክልል አሥራ ሁለት ይሉን ነበር፣ እንደ ሆቴል ክፍል። ቢሮ ተከፍቷል፣ ኃላፊ ተሾሟል፣ ማኅተም ተቀርጿል፤ ወንበሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር። በየሳምንቱ ከደጋ አንድ ሁለት ሠራተኛ ይወርዳል፣ ቆሞ ይፈርማል፣ ቆሞ ይውላል፣ ማታ እኔ ሱቅ መጥቶ የቢራ ሣጥን ላይ ይቀመጣል። እኔ ዘኪያ የአጋሮ ልጅ ነኝ፤ ባሌን ተከትዬ ወርጄ እዚህ ገበያ ዳር ሱቅ ከከፈትኩ ብዙ ክረምት አልፏል። የመንግሥት ሠራተኛ ሲመጣም ሲሄድም አይቻለሁ። ተሰማን ግን የሚስተካከል አላየሁም።

ደግ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ስለምስቅበት። ክፋት በአጠገቡ አላለፈም። ችግሩ ነገር በቃል ካልተባለ አይገባውም፤ በቃል ከተባለ ደግሞ ሁለተኛ አይጠይቅም። ሰንዳፋ ተወልዶ፣ ሰንዳፋ አድጎ፣ እዚያው ሲጽፍና ሲደልዝ ኖሮ፣ ባለሙያ ተብሎ ወደ እኛ ተላከ። መጀመሪያ ሰሞን ከሁለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ በር ቆልፎ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ይተኛ ነበር። ከተማው በሙሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበር ሰቅሎ፣ ንፋስ እየተቀበለ ሲተኛ እሱ እንደ ድንች ሲቀቀል ያድራል። ጠዋት ቀልቶ ይመጣና ያገሩ አየር ከብዶኛል ይለኛል። አየሩን መቼ አገኘኸው እለዋለሁ።

ለገና አገሩ ደርሶ ተመለሰ። በመጋቢት አንድ ቀን ዓሊ፣ ከመርካቶ ዕቃዬን የሚያመጣልኝ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር፣ ጭነቱን ሳያራግፍ ተሰማን አስጠራው። ዓሊም የሰንዳፋ ሰው ስለሆነ የሁለቱን ቤት ወሬ የሚያመላልሰው እሱ ነው። የተሰማ ሚስት ወርቅነሽ ፀንሳለች። ተሰማ ሊዘል ሲል ዓሊ እጁን ያዘውና መልእክቱ ገና አላለቀም አለው። መልእክቱ ይህ ነበር፦ ውሃ የገባበት ቤት ካገኘህ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ፤ ውሃ ካልገባበት እዚሁ እናቴ ጋ እወልዳለሁ፤ እዚህ ከወለድኩ ደግሞ አልመጣም።

ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ምን ሆነሃል ብለው ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ነበራቸው። ወርቅነሽ ውሃ ቀድታ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ስትመለስ ጭቃ አንሸራቷት ወደቀች፤ ልጁም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጀሪካን ስታይ እንኳ ፊቷን ታዞራለች አለኝ። ይህን ሲነግረኝ መቀለድ አልቻልኩም። ሰው በጌታው ፈቃድ ያጣውን ሳይሆን በገዛ ጀርባው ያጣውን እንዴት ይረሳል?

ስለዚህ ተሰማ ቤት ፍለጋ ወጣ። የሚፈልገውም አንድ ነገር ነው። ሙቀት አልጠየቀ፣ ጎረቤት አልጠየቀ፣ ጥላ አልጠየቀ። ውሃ ገብቶለታል? ይኸው ነው።

መጀመሪያ እኔው ያሳየሁት ከሱቄ ጀርባ ያለውን የባሌን ወንድም የሱሌማንን ቤት ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ሁለት ክፍል ነው፣ ግቢው መሃል አንድ ሰፈር የሚያስተኛ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። እዚህ አገር ቤት የሚከራይ ሰው የሚከራየው ዛፉን ነው፤ ክፍሉ ለዕቃ ማስቀመጫ ነው አልኩት። እሱ ቀና ብሎ ዛፉን አላየም። ዝቅ ብሎ ቧንቧ ፈለገ። ቦኖው እዚያ መታጠፊያው ላይ ነው፣ ተሰልፎ መቅዳት ነው አልኩት። አይሆንም አለ።

ከዚያ ድልድዩን ተሻግሮ ማዶ ሄደ። እዚያ ጸጥታ አለ፣ ቦታ አለ፣ ውሃ ግን የእጅ ፓምፕ ነው። በዚያ ላይ ሲመሽ ድልድዩ ላይ ዘቦቹ አያሳልፉም፤ ሚስቴ ምጥ ቢመጣባት ሐኪም ቤት በዋና ልውሰዳት እንዴ ብሎ ተመለሰ። ይህን እንኳ በማሰቡ አደነቅኩት።

በሦስተኛው ሙከራ ታች ባሮ ዳር ወረደና ኛዴንግን አገኘ። ኛዴንግ የኑዌር ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ቁመቷ ጎንበስ ካላለች በሱቄ በር የማያስገባት፣ ንግግሯ አጭር፣ ከብቶቿን ከሰው የምታስበልጥ፣ ሰውንም ቢሆን የማትጠላ። ቢሮዎቹ ሲከፈቱ ገንዘብ አለ ብላ ወንዙ ዳር የጭቃ ቤት አሠርታ ቆርቆሮ አለበሰችው። አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ትንሽ ነው ግን ውሸት የለበትም። በዚያ ቀን የተባባሉትን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ ቃል በቃል ይገጥማል።

«ውሃ ይገባል?» አላት ተሰማ።

«ይገባል» አለችው።

«ሁልጊዜ ነው?»

«ሁልጊዜ አይደለም። ክረምት ነው።»

ተሰማ ራሱን ነቀነቀ። በጋ ላይ ውሃ መጥፋቱ የትም ያለ ነው። ሰንዳፋም ያው ነው።

«የትኛው ክፍል ነው የሚገባው?»

«ሁሉም ክፍል ይገባል።»

እዚህ ላይ ልቡ ቀጥ ሊል ነበር። በሰንዳፋ ከንቲባው ቤት እንኳ ቧንቧው ያለው ደጅ ነው። ክፍያውስ ሲላት፣ ውሃ ገንዘብ የለውም፣ ራሱ ይመጣል አለችው። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ሲያይ መሃል ላይ አንድ የብረት ቧንቧ ቆሟል፤ ጥጃ ታስሮበታል። ጫፉ ላይ መክፈቻ የለውም፤ ሌባ እንዳይወስደው በበጋ ነቅለውት ነው ብሎ ለራሱ አስረዳ። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ዙሪያውን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቡናማ ነው። የግድግዳውን ግርጌ የዞኮሎ ቀለም ሁሉ ቀብታዋለች፣ የሠለጠነች ሴትዮ ናት ብሎ አደነቀ። አምና ባሮ የቀባው ነው።

ኛዴንግም በበኩሏ ገርሟታል። ከእሱ በፊት የመጡት ሁሉ ውሃ ይገባል ስትላቸው ሄዱ። ይሄኛው ሳቀ። ደጋ ላይ ውሃ የለም መሰለኝ፣ ይወዱታል አለች በልቧ። ቢሆንም ለሰው አሳቢ ናትና ስታሰናብተው አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

«አልጋ እግሩ ረጅም ነው?»

ተሰማ ይህን ያገሩ ወግ ነው ብሎ አልፎታል። ረጅም ነው አላት።

እኔ ምን አደርግ ነበር? ቀብድ ከፍሎ መጥቶ ሲነግረኝ ደንግጬ፣ ባሮ ዳር እኮ ነው፣ ክረምት ላይ... ብዬ ስጀምር፣ አውቃለሁ እትዬ ዘኪያ፣ ውሃው የሚገባው ክረምት ነው፣ ነግራኛለች አለኝ። እንዲህ ኮራ ብሎ። አውቆ ነው አልኩ። ምናልባት እስከ ሰኔ ኖሮ ሊወጣ ነው አልኩ። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይሉ የለ፣ ከባለቤቷ ጋር ከተነጋገረ እኔ ምን አገባኝ።

ወርቅነሽ ከፋሲካ በኋላ በዓሊ መኪና መጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ግን የማያልፈው ነገር የሌለ ሴት ናት። ቤቷን ዞራ አየችና ቧንቧው ላይ የታሰረውን ጥጃ ተመለከተች። ውሃውስ አለችው። ክረምት ሲገባ ይገባል፣ ታገሺ አላት። ታገሠች። እስከዚያው ኛዴንግ በየማለዳው ከወንዝ ለራሷ ስትቀዳ አንድ ባልዲ ለእሷም በራሷ ላይ ተሸክማ አምጥታ፣ ደጃፍ አስቀምጣ፣ ምንም ሳትል ትሄዳለች። ያገሩ ሴት በራሷ ትሸከማለች፣ እንደ ደጋ በጀርባ አታዝልም፤ ወርቅነሽ ሁልጊዜ ቆማ በመገረም ታያት ነበር።

ሰኔ አለፈ። ኛዴንግ ከብቶቿንና እህሏን እየወሰደች ከፍ ወዳለው ዘመዶቿ ሰፈር መውጣት ጀመረች። በመጣች ቁጥር ተሰማን፣ አልጋ መቼ ታነሳለህ ትለዋለች። ልታስወጣን ነው ብሎ ፈራ፤ ኪራይ ቀድሜ ከፍያለሁ ብሎ ይመልስላታል። እሷ ደግሞ ኪራይና አልጋ ምን አገናኛቸው ብላ ግራ ገብቷት ትሄዳለች። ሁለት ቅን ሰዎች ባንድ ቋንቋ እያወሩ እንዲህ ሳይግባቡ ይቀራሉ።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው። በነሐሴ አንድ ማለዳ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ዝናቡ የዘነበው ላይ ጎሬ ነው። ባሮ ድምፅ ሳያሰማ ሞላና ዳር ዳሩን እንደ እንግዳ ገባ። ተሰማ ጠዋት ሲወጣ ግቢው ጥግ ረጥቧል። እንዲያውም ደስ ብሎት ሄደ። ዛሬ ቧንቧው ሳይጀምር አይቀርም ብሏት እንደነበር ወርቅነሽ ነገረችኝ፤ ስትነግረኝ አልሳቀችም።

ረፋዱ ላይ ውሃው በሁሉም ክፍል ገባ። ቃል እንደተገባው። ወርቅነሽ ያን ሁሉ ሆድ ይዛ አልጋው ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፤ የተሰማ የእሑድ ጫማ ጎን ለጎን ሆኖ እንደ ታንኳ በፊቷ ያልፋል። ኛዴንግ ከላይ ሆና ውሃውን ስታይ ወረደች። ገብታ ምንም አልጠየቀችም። ፍራሹን በራሷ ላይ ጫነች፣ የወርቅነሽን ክንድ ከብብቷ ስር አስገብታ ያዘች፣ እግር እግሯን እያየች ቀስ አድርጋ ይዛት ወጣች። ውሃው ለእሷ ጉልበት ድረስ ነው፤ ለወርቅነሽ ጭን ድረስ። እኔ ሱቅ ደረሱ። ወርቅነሽን አስቀምጬ ደረቅ ልብስ አለበስኳት፤ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ልጁ ይንቀሳቀሳል ወይ አልኳት። ይንቀሳቀሳል አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው መናደድ የጀመርኩት።

ተሰማ ከስብሰባ ሮጦ መጣ። ሱሪው እስከ ጭኑ ተጠቅልሏል፣ ጫማው በእጁ ነው። ሚስቱን አይቶ ነፍሱ ሲመለስ ወደ ኛዴንግ ዞረና፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ አታለልሽኝ አላት። ውሃ ይገባል አላልሽም ወይ አላት።

ኛዴንግ ገና ራሷ ላይ የነበረውን ፍራሽ አወረደች። አልተቆጣችም፤ እንዲገባት ነበር የምትፈልገው።

«ውሃ ይገባል አልኩ። ገባ። ሁሉም ክፍል አልኩ። ሁሉም ክፍል ገባ። የቱ ነው ውሸት?»

መጀመሪያ የገባኝ እኔ ነኝ፤ ወላሂ፣ ሱቁ ውስጥ ገብቼ የስኳር ጆንያ ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። ከዚያ ለኛዴንግ አስረዳኋት፦ ደገኛ ውሃ ይገባል ሲል በብረት ነው፣ ቧንቧ ማለቱ ነው። ጥቂት አሰበች። ታዲያ ለምን ብረት አላለም አለችኝ። ተሰማ ሳይከራከር ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም የቀረውን ኪራይ ስትመልስለት አልቀበልም ብሎ ትንሽ ተጎተቱ።

ወርቅነሽ ግን አልሳቀችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ ዓሊ መቼ ነው የሚመጣው?

ወደ ሱሌማን ቤት አስገባናቸው። ያ የናቀው ኒም ዛፍ ስር አልጋ ተዘረጋ። ወርቅነሽ ዕቃዋን ደርድራ አደረቀች፤ የራሷን ልብስ ግን በሻሽ ቋጥራ በር አጠገብ አስቀመጠች። ዓሊ በሳምንቱ ይመጣል፤ ያ ቋጠሮ መኪናው ላይ ከወጣ ተሰማ ልጁን የሚያየው በፎቶግራፍ ነው።

እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማመልከቻ ጻፈ። ወደ ሱሌማን ግቢ ቧንቧ እንዲዘረጋለት። ማኅተም ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ዞረ፤ በጀት ሲለቀቅ ይታያል አሉት። ሌላ ቤት ፍለጋ ከተማውን አዳረሰ። ያን ሰሞን ውሃ የምታመጣው ኛዴንግ ናት። ከዚያ ሁሉ ርቀት በራሷ ላይ ተሸክማ ትመጣለች። ምነው ስላት፣ ውሃ ይገባል ብዬ ገንዘብ በልቻለሁ አለችኝ።

የዓሊ መኪና ሊደርስ ሲል አንድ አመሻሽ ላይ ሱቄን እየጠረግኩ ነበር። በሱቁና በግቢው መካከል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ልስማ ባልልም እሰማለሁ። ተሰማ ስለ በጀቱ እያስረዳት ነው። ከመስከረም በኋላ ይላል፣ ኃላፊው ቃል ገብተውልኛል ይላል። ወርቅነሽ ብዙ አዳመጠችው።

«ተሰማ፣ እኔ ቧንቧ አልኩህ?» አለችው።

«ውሃ የገባበት ቤት አላልሽም?»

«አልኩ። ያን ጊዜ ስወድቅ አንተ የት ነበርክ?»

መልሱንም ራሷ ሰጠችው።

«ቤት ነበርክ። ሬዲዮ ትሰማ ነበር። ልወቅስህ አይደለም፣ የማንም ባል ውሃ አይቀዳም። እኔ ግን ሁለተኛ አልሸከምም ነው ያልኩት። በቧንቧ ይግባ በትከሻ፣ ለእኔ ያው ነው። ይህች ሴትዮ ዘመዴ አይደለችም፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ትሸከምልኛለች። አንተ ከተማውን ስትዞር፣ ሁለት እጅ እንዳለህ አንድ ቀን ትዝ አይልህም?»

መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለእኔም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ስንት ጊዜ ሳቅኩበት፣ ስንት ጊዜ መከርኩት፤ ቦኖው መታጠፊያው ላይ ነው ስለው እንኳ አንተው ሂድ ማለቴ አልነበረም። ለኛዴንግም፣ ለከተማው ለማንም ትዝ አላለም። ደገኛውም ቆለኛውም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በሌላው ሁሉ ሲጣላ ይኖራል፤ ወንድ ውሃ አይቀዳም በሚለው ግን አንድ ነው።

ጠዋት ሱቄን ስከፍት ተሰማ ደጅ ቆሟል። የቢሮ ሸሚዙን ለብሷል።

«እትዬ ዘኪያ፣ ጀሪካን አለ?» አለኝ። ድምፁ የአልኮል መጠጥ የሚገዛ ጎረምሳ ድምፅ ነው።

አለ አልኩት። ቢጫውን ሰጠሁት።

ያን ቀን ቦኖው ላይ የሆነውን ጋምቤላ ለብዙ ጊዜ አወራችው። ሴቶቹ መጀመሪያ ተቆጣጣሪ መስሏቸው ተራ ለቀቁለት። ባዶ ጀሪካኑን ሲያዩ መልሰው ወደ መጨረሻ ሰደዱት። ሲሞላለት እንዴት እንደሚነሳ አያውቅም፤ ትከሻው ላይ ሲያወጣው ግማሹ አንገቱ ውስጥ ፈሰሰ። የቢሮው መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ ቆመና ምን ሆነህ ነው አሉት፤ ውሃ እያስገባሁ ነው አላቸው። ገበያው ላይ ወንዶቹ አፏጩበት። ተሰማ አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። በማግሥቱም ሄደ። ኛዴንግ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ አገኘችውና ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው። ይሄ ሰውዬ ጥሩ ነው፣ በራስ የሚሸከምበት አንገት ብቻ የለውም አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ባዶ እጇን ትመጣና ዛፉ ስር ከወርቅነሽ ጋር ትቀመጣለች።

ዓሊ መጣ። ጭነቴን አራገፈ፣ ምሳውን በላ፣ ሊመለስ ሞተሩን አስነስቶ በሱሌማን በር ላይ ቆመ። ወርቅነሽ በሩ ላይ ናት። ቋጠሮው እግሯ ስር ነው። እኔ ሱቄን ጥዬ ወጥቻለሁ፤ ኛዴንግም ከዛፉ ስር ተነስታለች።

በዚያ መሃል ተሰማ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ከቢሮ ሾልኮ ነው። ቢጫው ጀሪካን ትከሻው ላይ ነው፣ ሸሚዙ ርሷል፣ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ሊሮጥ ይፈልጋል፣ ውሃው እንዳይደፋ ደግሞ መሮጥ አይችልም። ያንን መንገድ እንዴት እንደጨረሰው እንጃ። በመኪናው አጠገብ አለፈ፣ ዓሊን ሰላም አላለም፣ ቋጠሮውን ተሻግሮ ገባና ጀሪካኑን ቤት ውስጥ አስቀመጠ። ሲያስቀምጠው ድው ሲል ሁላችንም ሰማን።

ወርቅነሽ ጎንበስ አለች። ከሆዷ ጋር እየታገለች ቋጠሮዋን አነሳችና ፈታችው። ሻሹን አራግፋ ራሷ ላይ አሰረች።

ዓሊ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ለእናትሽ ምን ልበላቸው አላት።

«ውሃ ገብቶልናል በልልኝ» አለችው።